በጓሮ የሚረቡ ዳክዬዎችና ዝይዎች የውሃ አጠቃቀም እና የንጽህና አያያዝ

ዳክዬና ዝይ በኢትዮጵያ እንደ ዶሮ በስፋት የሚረቡ አእዋፍ አይደሉም። በአብዛኛው ማኅበረሰብ ዘንድ ሥጋቸውን የመመገብ ልማድ ስለሌለ በብዛት የሚታዩት በከተማ ግቢዎች፣ በሆቴሎችና በመዝናኛ ሥፍራዎች ነው። ኅዳር 2015 ዓ.ም. ይፋ የተደረገው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም ትኩረቱ በወተት፣ በእንቁላል፣ በዶሮ ሥጋና በማር ላይ ነው። ይሁን እንጂ ዶሮ ከሚያረቡ ቤተሰቦች መካከል ለእንቁላል፣ ለጥበቃ ወይም ለግቢ ማሳመሪያ ሲሉ ጥቂት ዳክዬዎችን ወይም ዝይዎችን ጨምረው የሚይዙ አሉ። እነዚህ አርቢዎች ቀድሞ የሚገጥማቸው ችግር ስለ መኖ ወይም ስለ መጠለያ ሳይሆን ስለ ውሃ ነው። ጠዋት ንጹህ ሆኖ የቀረበ ውሃ እኩለ ቀን ሳይሆን ጭቃ ይሆናል፤ በመጠጫው ዙሪያ ያለው መሬት ይረጥባል፤ ሽታና ዝንብ ይበዛል።

ይህ መረጃ የአእዋፉን የውሃ ባሕርይ መነሻ፣ በቤተሰብና በዶሮዎች ጤና ላይ ሊያስከትል የሚችለውን ጉዳትና የመከላከያ ዘዴዎቹን ያብራራል። በምሳሌነት የተወሰደው በሰሜን ወሎ ዞን በሀብሩ ወረዳ የምትገኘው የሲሪንቃ አካባቢ ነው።

የአካባቢው ሁኔታ

ሲሪንቃ ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል መቀመጫ በመሆንም ትታወቃለች። አካባቢው ዝናብ የሚያገኘው በሁለት ወቅቶች፣ ማለትም በበልግና በክረምት ነው። በሁለቱ ዝናቦች መካከል የሚኖረው የደረቅ ጊዜ ውሃ የሚያጥርበት ሲሆን፣ ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ከተራራው ሥር ባለው ተዳፋት ጎርፍ ይወርዳል።

ይህ ሁኔታ በውሃ ወፎች እርባታ ላይ ሁለት ተቃራኒ ችግሮችን ያስከትላል። በበጋ ከቦኖ ወይም ከምንጭ በጀሪካን የተቀዳ ውሃ በአንድ ቀን ለዳክዬ ሲባክን የቤተሰቡ፣ በተለይም ውሃ የሚቀዱት የሴቶችና የልጆች ድካም ይጨምራል። በክረምት ደግሞ በጓሮ የተጠራቀመው ኩስና ጭቃ በጎርፍ ታጥቦ ወደ ታችኛው ጎረቤት፣ ወደ ምንጭና ወደ ወንዝ ይወርዳል። ስለዚህ የዳክዬ ውሃ የአንድ ግቢ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ዳክዬና ዝይ ውሃን የሚያቆሽሹት ለምንድን ነው?

አእዋፉ ውሃን የሚያደፈርሱት በተፈጥሮ አካላቸው አሠራር ምክንያት ነው። ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች የሚከተሉት ናቸው።

1. አመጋገባቸው፦ የዳክዬ ምንቃር ጠፍጣፋ ሲሆን በጠርዙ እንደ ወንፊት የሚያገለግሉ ቀጫጭን ዘርፎች አሉት። ዳክዬ ውሃና ጭቃ ወደ አፏ አስገብታ ውሃውን በዚህ ወንፊት በማስወጣት ምግቡን ታስቀራለች። ደረቅ መኖ ስትመገብም በየጉርሻው መካከል ወደ ውሃ ትመላለሳለች፤ በምንቃሯ የቀረው ዱቄት በመጠጫው ውስጥ ይራገፋል።

2. ዓይንና አፍንጫ ማጽዳት፦ ዳክዬና ዝይ ጭንቅላታቸውን ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ በመንከር ዓይናቸውንና የአፍንጫቸውን ቀዳዳ ያጥባሉ። ይህን ማድረግ ካልቻሉ ዓይናቸው ይቆሽሻል፣ የአፍንጫቸው ቀዳዳ ይደፈናል።

3. ላባ መንከባከብ፦ በጭራቸው ሥር የቅባት ዕጢ አለ። ከታጠቡ በኋላ ከዚህ ዕጢ የሚወጣውን ቅባት በምንቃራቸው ላባቸውን ይቀባሉ። ላባው ውሃ የማያስገባው በዚህ ምክንያት ነው።

4. መሬት መቆፈር፦ ዳክዬ እርጥብ መሬት ባገኘች ቁጥር በምንቃሯ ትል ትፈልጋለች። ከመጠጫው የፈሰሰ ጥቂት ውሃ በአጭር ጊዜ ውስጥ ወደ ጭቃ ጉድጓድ የሚለወጠው ለዚህ ነው።

5. ኩሳቸው፦ የዳክዬ ኩስ እጅግ ፈሳሽ ሲሆን አብዛኛው ክፍሉ ውሃ ነው። አእዋፉ በመጠጫው ውስጥ ከገቡ ኩሳቸውን በዚያው ይጥላሉ።

ዝይ ከዳክዬ በተወሰነ ደረጃ ትለያለች። ዋና ምግቧ ሣር በመሆኑ ጭቃ መቆፈር አታበዛም። ሆኖም ቀኑን ሙሉ ሣር ስለምትግጥ ቶሎ ቶሎ ኩስ ትጥላለች፤ የምትውልበት የሣር ሜዳ ለውሃ ምንጭ ቅርብ ከሆነ ብክለቱ ያንኑ ያህል ይሆናል።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ውሃ መከልከል መፍትሔ አይደለም፤ አእዋፉን ያሳምማል፣ ደረቅ መኖም ጉሮሯቸው ላይ ሊያንቃቸው ይችላል። በሌላ በኩል ዳክዬ ለማርባት ኩሬ መቆፈር ግዴታ አይደለም። ጭንቅላታቸውን የሚነክሩበት በቂ ጥልቀት ያለው ዕቃ ካገኙ ጤናማ ሆነው ይኖራሉ። የአርቢው ተግባር ውሃው የት እንደሚቀመጥ፣ በምን ዕቃ እንደሚቀርብና የፈሰሰው ወዴት እንደሚሄድ መወሰን ነው።

የቆሸሸ ውሃ የሚያስከትላቸው ችግሮች

በቤተሰብ ጤና ላይ፦ የአእዋፍ ኩስ ሳልሞኔላና ካምፓይሎባክተር የተባሉትን ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያዎች ሊይዝ ይችላል። ለአደጋው ይበልጥ የተጋለጡት በግቢው መሬት ላይ የሚድሁና የሚጫወቱ ሕፃናት ናቸው። ጤናማ የሚመስል ወፍም እነዚህን ባክቴሪያዎች ሊያስተላልፍ ይችላል።

በዶሮዎች ላይ፦ ዳክዬዎች ከዶሮዎች ጋር በአንድ ቤት ሲያድሩ ጉዝጓዙ ይረጥባል። እርጥብ ጉዝጓዝ ኮክሲዲዮሲስ የተባለውን፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያስከትለውን የጫጩቶች በሽታ ያባብሳል። ከኩሱ የሚወጣው የአሞኒያ ሽታም የዶሮዎችን ዓይንና የመተንፈሻ አካል ይጎዳል። የዶሮ ጫጩቶች በዳክዬ የውሃ ባልዲ ውስጥ ወድቀው ሊሞቱ ይችላሉ።

በተላላፊ በሽታዎች ሥርጭት ላይ፦ ፈንግል ዶሮዎችን በጅምላ የሚፈጅ በሽታ ነው። ዳክዬና ዝይ ግን የበሽታውን ተሕዋስ ይዘው ምልክት ሳያሳዩ ሊቆዩ ይችላሉ። የአእዋፍ ኢንፍሉዌንዛም በተፈጥሮ የሚገኘው በዱር የውሃ ወፎች ውስጥ ነው። እንደ ሐይቅ ባሉ ውሃማ ሥፍራዎች የዱር ዳክዬዎችና ዝይዎች ስለሚሰባሰቡ፣ የቤት አእዋፍን ወደ እነዚህ ውሃዎች ማሰማራት ወይም ከዚያ የተቀዳ ያልታከመ ውሃ ማጠጣት አይመከርም። የአእዋፍ ኮሌራም በተበከለ ውሃ አማካይነት ከወፍ ወደ ወፍ ይተላለፋል።

በአእዋፉ በራሳቸው ላይ፦ በሞቃት ወቅት ረግቶ በቆየና የበሰበሰ ነገር ባለበት ውሃ ውስጥ ቦቱሊዝም የተባለውን በሽታ የሚያስከትል መርዝ ሊፈጠር ይችላል። ይህ መርዝ ያገኛት ዳክዬ እግሯና ክንፏ ይዝላል፤ አንገቷን ቀና ማድረግ ያቅታታል፤ በአጭር ጊዜም ትሞታለች።

በወባ መከላከል ላይ፦ የረጋ ውሃ የትንኝ መራቢያ ነው። ትንኝ ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር በሞቃት አካባቢ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃታል። እ.ኤ.አ. በ2016 በሀገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀብሪ ደሃር የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው የወባ ትንኝ ደግሞ በበርሜልና በገንዳ በተጠራቀመ ውሃ ጭምር ትራባለች። በመሆኑም የዳክዬ ገንዳን በየጊዜው ሙሉ በሙሉ መድፋት ለቤተሰቡም ጥበቃ ነው።

የመጠጫ ሥፍራ አዘገጃጀት

ቦታ መምረጥ፦ የዳክዬና የዝይ መጠጫ ከቤተሰቡ የውሃ ጉድጓድ፣ ከምንጭና ከማዕድ ቤት በታችኛው ተዳፋት መሆን አለበት። ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ማራቅ ይመከራል። የጉድጓዱ አፍ ከመሬት ከፍ ብሎ የተገነባና ክዳን ያለው መሆን ይኖርበታል። በላይኛው በኩል የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ መቆፈር በክረምት ኩሱ ታጥቦ እንዳይወርድ ይረዳል።

የማስረጊያ ጉድጓድ ማዘጋጀት፦ በመጠጫው ሥር 1 ሜትር በ1 ሜትር ስፋትና 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይቆፈራል። ከሥር ትላልቅ ድንጋይ፣ ከላይ ጠጠር ይሞላል። በጠጠሩ ላይ የእንጨት ርብራብ ወይም ጠንካራ ሽቦ ይደረግና መጠጫው በዚያ ላይ ይቀመጣል። የሚፈሰው ውሃ ወደ ሥር ይሰርጋል፤ ዳክዬዋም የምትቆፍረው ጭቃ አታገኝም። ጠጠሩ በጊዜ ብዛት በኩስ ሲደፈን ወጥቶ ይታጠባል ወይም ይለወጣል። መሬቱ ጥቁር አፈር ከሆነ ውሃ በቀላሉ ስለማያሰርግ፣ ከጉድጓዱ ወደ ፍራፍሬ ተክል የሚወስድ አነስተኛ ቦይ መጨመር ያስፈልጋል።

ዕቃ መምረጥ፦ ሰፊ ሳፋ ለመጠጫነት አይመረጥም፤ አእዋፉ ውስጡ ገብተው ይቀመጣሉ። የተሻለው አገልግሎት የሰጠ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በደንብ አጥቦ፣ በጎኑ የወፏ ጭንቅላትና አንገት ብቻ የሚያስገባ ቀዳዳ መክፈት ነው። የቀዳዳው ጠርዝ እንዳይቆርጥ በእሳት ማለስለስ ይገባል። ውሃው ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ካለው ጭንቅላት ለመንከር ይበቃል። ፀረ ተባይ፣ ፀረ አረም፣ ዘይት ወይም ነዳጅ ተይዞበት የነበረ ዕቃ ፈጽሞ ጥቅም ላይ መዋል የለበትም።

መኖና ውሃን ማራራቅ፦ መኖው ከውሃው ጥቂት እርምጃ ርቆ ቢቀመጥ ወፏ በመንገዷ ላይ የአፏን ትውጣለች፤ ወደ ውሃው የሚገባው ዱቄትም ይቀንሳል። ሆኖም ውሃ በሌለበት መኖ ማቅረብ አይገባም። ማታ የደረሱ ዳክዬዎች ወደ ቤት ሲገቡ መኖውም ውሃውም አብሮ ቢወጣ ጉዝጓዙ ደረቅ ሆኖ ያድራል። ለጫጩቶች ግን ውሃ ሌሊትም መቋረጥ የለበትም።

ዕለታዊና ሳምንታዊ ተግባራት

• ጠዋት የአደረውን ውሃ ሙሉ በሙሉ መድፋት፣ ዕቃውን በብሩሽ ማሸትና ንጹህ ውሃ መሙላት። በላዩ ላይ ጨምሮ መሙላት ማጽዳት አይደለም።
• በሞቃት ቀናት ከሰዓት በኋላም ውሃውን መለወጥ።
• በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ለመታጠቢያ ሳፋ ማቅረብና ከታጠቡ በኋላ ወዲያውኑ መድፋት። አትክልት የታጠበበት፣ ሳሙና ያልነካው ውሃ ለዚህ ያገለግላል። የሳሙና ውሃ የላባውን ቅባት ስለሚያጠፋ አይፈቀድም።
• በሳምንት አንድ ጊዜ መጠጫውን በበረኪና በተበረዘ ውሃ ማጽዳት፣ በደንብ ማለቅለቅና ፀሐይ ላይ ማድረቅ።
• እርጥብ ጉዝጓዝ ማውጣትና በደረቅ የጤፍ ጭድ፣ ገለባ ወይም ሰጋቱራ መተካት። የወጣው ለኮምፖስት ይውላል።
• ከሥራው በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ። ለአእዋፉ የሚውለው ባልዲና ጀሪካን ለሰው መጠጥ ወይም ለምግብ ማብሰያ ውሃ መቅጃ መሆን የለበትም።

የተደፋው ውሃ በናይትሮጅን የበለጸገ በመሆኑ ለማንጎ፣ ለፓፓያ፣ ለሙዝና ለቡና ተክል ሥር ጠቃሚ ነው። ነገር ግን እንደ ሰላጣ፣ ካሮትና ቲማቲም ባሉ በጥሬያቸው በሚበሉ አትክልቶች ላይ መፍሰስ የለበትም።

የመስኖ ቦይ፣ ምንጭና ቦኖ አጠቃቀም

በቆቦ ጊራና ሸለቆ በመስኖ ሽንኩርትና ሌሎች አትክልቶች ይለማሉ። በአትክልት ማሳ ላይ ፀረ ተባይ ኬሚካል በተረጨበት ወቅት ዳክዬዎችን ወደ ቦይ መልቀቅ ለአእዋፉም፣ እንቁላላቸውን ለሚመገብም ሰው አደገኛ ነው። ከዚህም በላይ ዳክዬዎች የቦይ ዳርቻ ይንዳሉ፤ ይህም በውሃ ተጠቃሚዎች መካከል ቅሬታ ይፈጥራል።

ስለ ኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር የወጣው አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለቤት ውስጥ አገልግሎት የሚውል ውሃ ከማናቸውም ሌላ የውሃ አጠቃቀም ቅድሚያ እንዳለው ይደነግጋል። በዚህ መንፈስ፣ ሰው በሚቀዳበት ምንጭ ወይም በቦኖ ሥር አእዋፍን ማሰማራት ተገቢ አይደለም። አእዋፉ ውሃ ማግኘት ካለባቸው ከመቅጃው በታች በተለየ ማጠጫ እንዲሆን ከውሃ ኮሚቴው ጋር መስማማት ያስፈልጋል። በጎረቤቶች መካከል አለመግባባት ሲነሳም ጉዳዩን በቅድሚያ ለውሃ ኮሚቴውና ለቀበሌው ማቅረብ ይቻላል። በወልድያ፣ በመርሳና በሌሎች ከተሞች የሚኖሩ ነዋሪዎች እርባታ ከመጀመራቸው በፊት የከተማ አስተዳደሩን የንጽህና መመሪያ አስቀድመው መጠየቅ ይኖርባቸዋል።

ለጫጩቶች የሚደረግ ልዩ ጥንቃቄ

የዶሮ እንቁላል በ21 ቀን፣ የአብዛኞቹ ዳክዬዎች በ28 ቀን፣ ሙስኮቪ የተባለው የዳክዬ ዝርያ ደግሞ በ35 ቀን ገደማ ይፈለፈላል። የዳክዬ እንቁላል በዶሮ የሚያስታቅፉ አርቢዎች አንድ ነገር ማወቅ አለባቸው። ከእናታቸው ጋር የሚያድጉ የዳክዬ ጫጩቶች ከእርሷ ላባ ቅባት ያገኛሉ፤ በዶሮ ታቅፈው የወጡት ግን ይህን አያገኙም። እነዚህ ጫጩቶች ውሃ ውስጥ ከገቡ ላባቸው ይርሳል፣ በብርድ ይመታሉ፣ ሊሰጥሙም ይችላሉ። ስለዚህ ላባ እስኪያወጡ ድረስ የሚሰጣቸው መጠጫ ምንቃራቸውንና አፍንጫቸውን ብቻ የሚያስነክር፣ ጠባብና በውስጡ ንጹህ ጠጠሮች የተደረጉበት መሆን አለበት።

ክትባትና የታከመ ውሃ

በሀገራችን የአእዋፍ ክትባት የሚያመርተው ቢሾፍቱ የሚገኘው ናሽናል ቬተሪናሪ ኢንስቲትዩት ነው። አንዳንድ የፈንግል ክትባቶች የሚሰጡት በመጠጥ ውሃ ነው። እነዚህ ክትባቶች ሕያው ተሕዋስ የያዙ በመሆናቸው ክሎሪን ያጠፋቸዋል። እንደ ውሃ አጋር ባለ ማከሚያ የታከመ ወይም በክሎሪን የተጣራ የቧንቧ ውሃ ለክትባት ከዋለ ዶሮዎቹ እንደተከተቡ ቢቆጠሩም መከላከያ አያገኙም። በረኪና የታጠበበትና በሚገባ ያልተለቀለቀ ዕቃም ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳል። በመሆኑም በክትባት ቀን የሚከተሉትን ማድረግ ይገባል።

1. ክሎሪን ያልተጨመረበት ንጹህ ውሃ አስቀድሞ ማዘጋጀት።
2. በአእዋፉ ፊት ያለውን ውሃ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት በማንሳት እንዲጠሙ ማድረግ።
3. ባለሙያው በሚሰጠው መጠን የተበረዘውን ክትባት በጥላ ሥር አቅርቦ በሁለት ሰዓት ውስጥ እንዲያልቅ ማድረግ።
4. ዳክዬዎች የዶሮዎቹን የክትባት ውሃ እንዳይደፉና እንዳያደፈርሱ በዕለቱ ለይቶ ማቆየት።

ለባለሙያ ማሳወቅ የሚገባባቸው ሁኔታዎች

ከዚህ በታች ከተዘረዘሩት አንዱ ከታየ በቀበሌው ለሚገኝ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ወይም ለወረዳው የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤት ሳይዘገይ ማሳወቅ ያስፈልጋል፦

• በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ በርካታ አእዋፍ በድንገት ሲሞቱ፤
• አንገት መጠምዘዝ ወይም መዛል፣ የመተንፈስ ችግር፣ አረንጓዴ ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሲታይ፤
• የዱር የውሃ ወፎች በአካባቢው ሞተው ሲገኙ።

አርቢው የአእዋፉን ብዛትና ዓይነት፣ ምልክቱ የጀመረበትን ቀን፣ የሚጠጡት ውሃ ከየት እንደሚቀዳ፣ የመጨረሻ ክትባት የተሰጠበትን ጊዜና በቅርቡ ከገበያ የገባ ወፍ መኖሩን ቢገልጽ ባለሙያው ፈጥኖ ለመወሰን ይረዳዋል። ባለሙያው እስኪመጣ የታመሙትን መለየት፣ ከግቢው ምንም ወፍ አለመሸጥና አለማውጣት ተገቢ ነው። የሞተ ወፍ በባዶ እጅ አይነካም፤ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ገደል አይጣልም፤ ለውሻም አይሰጥም። ባለሙያው ከፈቀደ በኋላ ከውሃ ምንጭ ርቆ በጥልቅ ጉድጓድ፣ ኖራ ተነስንሶበት ይቀበራል።

በቤተሰቡ ውስጥ፣ በተለይም በሕፃናት ላይ ተቅማጥ ከታየ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ማማከር ወይም ወደ ጤና ተቋም መሄድ፣ በቤት ውስጥ አእዋፍ መኖራቸውንም መንገር ይገባል።

ማጠቃለያ

ዳክዬና ዝይ ውሃን ማደፍረሳቸው አይቀርም። የሚቀረው ጉዳቱ ነው። መጠጫው ከሰው ውሃ በታች ከተቀመጠ፣ የፈሰሰው ወደ ጠጠርና ወደ ተክል ሥር ከሄደ፣ ውሃው በየቀኑ ከተደፋና ዶሮዎች በተለየ ቦታ ከተያዙ፣ ጥቂት ዳክዬዎችን ማርባት የቤተሰቡንም የጎረቤትንም ጤና አይጎዳም። ይህን ለማድረግ የሚያስችል ውሃና ቦታ የሌለው ቤተሰብ ግን ለጊዜው በዶሮ እርባታ ላይ ቢወሰን ይሻለዋል። አርቢዎች ቦታ ከመምረጣቸው በፊት የቀበሌያቸውን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ወደ ግቢያቸው ጋብዘው ማማከር ይችላሉ።